የማይዝግ ብረት ይዝጋል እንዴ?

ለማስተማር ልምምድ ባቲ ከተማ በቆየንበት ጊዜ አንድ ተማሪ የጠየቀን ጥያቄ ለዛሬው የትምህርት ዓምዳችን መነሻ ሆኖናል። ስለ ብረትና ስለ ዝገት እያስተማርን ሳለ ልጁ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ የማይዝግ ብረት ይዝጋል እንዴ?» አለ። እኛም ብዙ ሳናስብ «አይዝግም። ከዘገም እውነተኛው አይደለም፤ ተጭበርብሮ የተሸጠ ነው» ብለን መለስን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም።

በኋላ እንደ ተረዳነው ጉዳዩ የሚያስቅ አልነበረም። የልጁ ታላቅ ወንድም መኪና እያጠበ ቤተሰብ የሚረዳ ሰው ነው። አንድ የውሃ ቦቴ አጥቦ ባስረከበ በሳምንቱ ባለመኪናው ተመልሶ መጣ። ያ እንደ መስታወት ያበራ የነበረው የቦቴው ገላ ቡናማ ነጠብጣብ ለብሷል። «አሲድ ደፍተህበት ነው እንጂ የማይዝግ ብረት እንዴት ይዝጋል?» አለና የወሩን የእጥበት ሒሳብ ያዘበት። አጣቢው «ወላሂ ጋሼ፣ ከውሃ፣ ከሳሙናና ከብሩሽ በቀር ምንም አላስነካሁትም» ቢል ማን ይስማው! የእኛ መልስ ደግሞ እሳቱ ላይ ጭድ ጨመረበት። ባለመኪናው «መምህራኖቹ ብረቱ የውሸት ነው አሉ» የሚለውን ሲሰማ «ብላችሁ ብላችሁ ተታለልክ ልትሉኝ ነው?» ብሎ ይባስ ተቆጣ።

እንግዲህ ሳያጣሩ የሰጡት መልስ የሰው እንጀራ ላይ ሊደርስ እንደሚችል ያኔ ገባን። ወደ መጽሐፋችን ተመለስን፤ ሠራተኞችንም ጠየቅን። ያገኘነውን እነሆ።

ሀ. የማይዝግ ብረት ምንድን ነው?

ተራ ብረት ውሃና ኦክሲጅን ካገኘ ይዝጋል። ዝገቱ ልል ስለ ሆነ እየተቀረፈ ይወድቃል፤ ከሥሩ ያለው ብረትም በተራው ይጋለጥና ይዝጋል። በዚህ ዓይነት ላሜራው እስኪበሳ ድረስ ይቀጥላል።

የማይዝግ የምንለው ብረት ግን ቢያንስ 10.5 ከመቶ ክሮሚየም የተቀላቀለበት ነው። ለቦቴና ለወጥ ቤት ዕቃ በብዛት የሚውለው፣ በሙያው ቋንቋ ቁጥር 304 የሚባለው ዓይነት፣ 18 ከመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 ከመቶ ያህል ኒኬል አለው። እንግሊዛዊው ሃሪ ብሬርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 በሼፊልድ ከተማ ቶሎ የማይበላ የጠመንጃ አፈሙዝ ብረት ሲፈልግ ክሮሚየም የበዛበት ብረት ዝገትን እንደሚቋቋም አስተዋለ። ቢላዋና ሹካ ከዚህ ብረት መሠራት የጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው።

ምሥጢሩ ምንድን ነው? ክሮሚየሙ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ በብረቱ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። የሽፋኑ ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ለሚሊዮን ቢከፈል ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን እጅ ብቻ ያህላል። ከዚህ ሽፋን የደብተራችን አንድ ቅጠል በብዙ ሺህ እጥፍ ይወፍራል። ይሁን እንጂ ይህ ስስ ነገር ውሃና አየር ወደ ውስጥ እንዳይዘልቁ ይከላከላል። ቢጫር እንኳ፣ ቦታው ንጹሕ ከሆነና አየር ካገኘ፣ ሽፋኑ ራሱን መልሶ ይጠግናል፤ ልክ የተጫረ ቆዳ እንደሚድነው ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ብረቱን የሚጠብቀው ጥንካሬው ሳይሆን ቆዳው ነው። ቆዳው ከተበላሸና መዳኛ ካጣ የማይዝገውም ይዝጋል። ስሙን «ዝገት ተቋቋሚ ብረት» ብንለው ኖሮ ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ባልመጣ ነበር።

እግረ መንገዳችንን አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። «ማግኔት ከያዘው የማይዝግ አይደለም» ይባላል። ይህ ትክክል አይደለም። ኒኬል ያለበት ቁጥር 304 ማግኔት እምብዛም አይስበውም፤ ኒኬል የሌላቸው የማይዝጉ ብረቶች ግን በማግኔት ይሳባሉ። ሁለቱም የማይዝጉ ናቸው።

ለ. የሽፋኑ ጠላቶች

1ኛ. ጨው። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ሽፋኑን እየበሳ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ጉድጓድ ይቆፍራል። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሰኞ ሰኞ በሚቆመው ገበያዋ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ይገናኛል። ቆላ ወርዶ የሚመለስ መኪና አቧራ ለብሶ፣ ጨው ጭኖ ከነበረም ርጋፊውን ይዞ ይመጣል። በዚያ ላይ ጤዛ ወይም ካፊያ ሲጨመርበት ጨዋማ ውሃ ሆነ ማለት ነው።

2ኛ. ተራ ብረት። ይሄኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ጠላት ነው። በብረት ብሩሽ፣ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ፣ ወይም በአቅራቢያው ከሚካሄድ ብየዳና ሞላ የሚበር የብረት ብናኝ በማይዝገው ብረት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በመጀመሪያ የሚዝገው ያ ብናኝ ነው። ከሩቅ ሲታይ ግን ዋናው ብረት የዘገ ይመስላል። ችላ ከተባለም ከሥሩ ያለውን ሽፋን አየር ነስቶ ይጎዳዋል።

3ኛ. ኃይለኛ ኬሚካል። በረኪና ውስጥ ክሎሪን አለ። የባትሪ አሲድና የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም እንደዚሁ አደገኞች ናቸው። ልብስ ያነጣ ሁሉ ብረት አያነጣም!

4ኛ. አየር የማይደርስበት ሥፍራ። በብሎን ሥር፣ በላሜራ መጋጠሚያ፣ በፓራፋንጎ ውስጥ ጭቃ ሲጠቀጠቅ፣ እርጥብ ሸራ ለብዙ ቀን ሲለበድበት፣ ሽፋኑ ራሱን የሚጠግንበት ኦክሲጅን ያጣል። ዝገት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከነዚህ ሥውር ቦታዎች ነው።

እስካሁን ስለ ቦቴ ተናገርን። የውጭ ገላቸው በሙሉ ከዚሁ ብረት የተሠራ የቤት መኪናዎችም አሉ። በሰሜን አየርላንድ፣ ከቤልፋስት ከተማ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ዴሎሪያን ቀለም ያልተቀባ የማይዝግ ብረት ለብሶ ነበር። የተሠሩትም 9 ሺህ ያህል ናቸው። የሚገርመው ከእነዚህ መኪናዎች ባለቤቶቻቸውን ያስቸገረው ውጪው ሳይሆን ከሥር ያለው፣ ከተራ ብረት የተሠራው ሻንሲ ነው፤ ውጪው እያበራ ውስጡ ይዝጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ለገዢዎች መሰጠት የጀመረው የቴስላ ሳይበርትራክም ከማይዝግ ብረት የተሠራ ገላ አለው። የመኪናው መመሪያም የወፍ ኩስ፣ የዛፍ ሙጫ፣ የሞቱ ነፍሳትና የመንገድ ጨው ሳይውሉ ሳያድሩ ይጠቡ ይላል። እንግዲህ በብዙ ገንዘብ የተገዛው መኪናና የባቲው ቦቴ የሚጠበቁት በአንድ ዓይነት ዘዴ ነው።

ሐ. እንዴት ይታጠብ?

በመጀመሪያ መኪናው ጥላ ይያዝ፤ ላሜራው ይቀዝቅዝ። በባቲ ፀሐይ የጋለ ብረት ላይ ሳሙና ቢፈስ ሳይለቀለቅ ይደርቃል፤ እድፉም ይቀራል።

ሁለተኛ፣ እጅ ከመንካቱ በፊት ከላይ ወደ ታች ብዙ ውሃ ይፍሰስበት። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ክልክል ነው። በአቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ከብረቱ ስለሚጠነክር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

ሦስተኛ፣ በለስላሳ ጨርቅ ወይም በስፖንጅ፣ ቀለል ባለ ሳሙና ይታጠብ። ላሜራው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ያለው የመስመር አቅጣጫ አለ፤ ማሸት በዚያው አቅጣጫ ነው። አዙሮ ወይም አቋርጦ ማሸት ጭረቱን ያጎላዋል።

አራተኛ፣ የደረቀ የወፍ ኩስና ሙጫ አይፋቅም። እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ጊዜ ይደረግበትና ሲርስ ይነሣል። የተጣበቀ ሬንጅ ጨርቅ ላይ በጠብታ በተደረገ ነጭ ጋዝ ይለቃል፤ ከዚያ በሳሙና ማጠብ አይረሳ፤ እሳትም አጠገቡ አይኑር።

አምስተኛ፣ በንጹሕ ውሃ በደንብ ከተለቀለቀ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ይድረቅ። ውሃው ራሱ ሲተን በውስጡ ያለው ማዕድን ነጭ እድፍ ሆኖ ይቀራል። ብሎኖቹና መጋጠሚያዎቹም አይዘለሉ።

ዋናው ሕግ ግን ይሄ ነው፦ የተራ ብረት ዕቃና የማይዝግ ብረት ዕቃ መጥረጊያ አይቀላቀል። ለሻንሲው አንድ ብሩሽ፣ ለቦቴው ሌላ ለስላሳ ጨርቅ።

መ. ነጠብጣብ ከታየስ?

መደንገጥ አያስፈልግም፤ መዘግየትም ደግ አይደለም። የሎሚ ጭማቂ በጨርቅ ነክሮ ነጠብጣቡን በመስመሩ አቅጣጫ ቀስ እያሉ ማሸት ነው። በሎሚው ውስጥ ያለው አሲድ የብረቱን ብናኝ ያሟሟል። ከጥቂት ደቂቃ በላይ ሳይቆይ በብዙ ውሃ ይለቅለቅ፤ ይድረቅ። ከዚያ አየር ያግኝ፤ ሽፋኑ ራሱን ይጠግናል። ነጠብጣቡ ከለቀቀ በኋላ ጥፍር የሚይዘው ጉድጓድ ከቀረ ግን ጉዳቱ ዘልቋልና ለባለሙያ ማሳየት ይገባል። በቀለም መሸፈን መፍትሔ አይደለም።

ሠ. በክፍል ውስጥ የሚሠራ ሙከራ

ሁለት የማይዝግ ብረት ማንኪያዎችና አንድ ምስማር ይዘጋጁ። አንደኛው ማንኪያ ንጹሕ እንደ ሆነ ይቀመጥ። ሁለተኛው ጥቁር ግራጫ መስመር እስኪታይበት ድረስ በምስማሩ በኃይል ይታሽ። ሁለቱንም ማንኪያዎችና ምስማሩን ጨው በተበጠበጠበት ውሃ በራሰ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ጥቂት ቀናት መጠበቅ ነው፤ ጨርቁ ሲደርቅ እንደገና ይርጠብ። ምስማሩ ይዝጋል። በምስማር የታሸው ማንኪያ በታሸበት መስመር ላይ ቡናማ ይሆናል። ንጹሑ ማንኪያ ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ እንዳበራ ይገኛል። ተማሪዎቹ ምክንያቱን ራሳቸው ይናገሩ፤ እኛ ቀድመን አንንገራቸው።

መደምደሚያ

ይህንን ካወቅን በኋላ የልጁን ወንድም አገኘነው። «ቦቴውን በምን ብሩሽ ነበር ያጠብከው?» አልነው። «ሻንሲውን በፋቅሁበት በብረቱ ብሩሽ» አለን። ነገሩ ተገለጠ። በሚቀጥለው ሰኞ ባለመኪናው ባለበት አንድ ሎሚ ተቆረጠ። አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ሲታሽ ቡናማው ለቀቀ፤ ከሥሩም ላሜራው ብሩህ ሆኖ ወጣ። ባለመኪናው ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ አሲድ አልነበረም» አለ። የቀረውን አጣቢው አሽቶ ጨረሰው፤ የተያዘበት ሒሳብም ተለቀቀለት። ያን የብረት ብሩሽ ግን ዳግመኛ ቦቴ አላስነካውም።

ለእኛ የቀረን ሥራ ከዚህ ይከብድ ነበር። በማግስቱ ክፍል ገብተን «ባለፈው የነገርናችሁ ስሕተት ነበር» አልን። በዚህን ጊዜ የሳቀ ተማሪ አልነበረም። ጥያቄውን ያነሣው ልጅ ግን ፈገግ አለ። መምህር ስሕተቱን ሲያርም የሚከበርበት እንጂ የሚናቅበት ክፍል አላየንም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የማይዝግ ብረት ሲጫር ራሱን የሚጠግነው በምን ሁኔታ ነው?
2. በረኪና ለልብስ እንጂ ለቦቴ የማይሆነው ለምንድን ነው?
3. በቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች መካከል ማግኔት የሚስበውንና የማይስበውን የማይዝግ ብረት ለይታችሁ ጻፉ።