ፍቅር ዕውቀትን ሲሻ
ስለ ጤናና ማኅበራዊ እንክብካቤ ትምህርት

መግቢያ



በባህላችን ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው። የታመመ አዛውንት ሊጠይቅ የሄደ ሰው በእጁ ሳያጎርስ ቢመለስ የጠየቀ አይመስለውም። ይሁን እንጂ በስትሮክ ምክንያት የመዋጥ ችሎታው የተዳከመ ሕመምተኛ በጀርባው ተኝቶ ሳለ ትልቅ ጉርሻ ቢሰጠው፥ ምግቡ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ወይም የሳንባ ምች ሊያስከትልበት ይችላል። አጉራሹ ያደረገው ከፍቅር የተነሣ ነው፤ የፍቅሩ ብዛት ግን ጉዳቱን አያስቀረውም።

ከዚህ የምንረዳው ርኅራኄ ዕውቀት ካልታከለበት የሚወደውን ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ነው። ስለዚህ እንክብካቤ ልንማረው የሚገባ ሙያ ነው። ለዚህም ማስረጃ የሚሆነንን አንድ የትምህርት ዓይነት ከእንግሊዝ አገር እንመለከታለን፤ ከወገኖቻችን መካከል በዚያ አገር አረጋውያንንና ሕሙማንን በመርዳት ሥራ የሚተዳደሩ አሉና።

1. የትምህርቱ ምንነት

ይህ ትምህርት «ፋውንዴሽን ዲግሪ» ይባላል። የብሪታንያ መንግሥት ዕቅዱን እ.ኤ.አ. በ2000 ካስታወቀ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ2001 ጀምረዋል። በሙሉ ጊዜ ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ እየሠሩ ለሚማሩ ግን ከዚያ ይረዝማል። የሚጠይቀው 240 የትምህርት ነጥብ ነው። አንዱ ነጥብ ዐሥር ሰዓት ያህል ስለሚገመት ጠቅላላው ወደ 2,400 ሰዓት ይደርሳል፤ በዚህም ውስጥ የክፍል ትምህርት፥ ንባብና የሥራ ልምምድ ይካተታሉ። የጨረሰ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ጨምሮ ሙሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊያገኝ ይችላል።

የዚህ ትምህርት ልዩ ጠባይ ሥራን ከንባብ ጋር ማጣመሩ ነው። ተማሪው በሥራው ላይ የገጠመውን፥ የሕመምተኛውን ስም ሳይገልጥ፥ ጽፎ ራሱን ይመረምራል፦ «ምን አደረግሁ? ለምን አደረግሁት? ሌላ ጊዜስ ምን ላሻሽል?» ለብዙ ዓመታት ሰው ስታጥብና ስትመግብ የኖረች ሠራተኛ ልምዷ ከንቱ እንዳልሆነ የምትረዳው እዚህ ላይ ነው።

2. ጤናና ማኅበራዊ እንክብካቤ ስለ ምን በአንድነት?

በብሪታንያ ሐምሌ 5 ቀን 1948 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲቋቋም ሕክምና ያለ ክፍያ ለሁሉ እንዲዳረስ ተደረገ። አረጋውያንንና አካለ ስንኩላንን መርዳት ግን በሌላ ሕግ ለአካባቢ መስተዳድሮች ተሰጠ፤ ይህም እንደየሰው ሀብት የሚያስከፍል ሆነ። በእንግሊዝ አገር ይህ ክፍፍል እስከ ዛሬ አለ።

አንዲት አሮጊት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ እንበል። ሆስፒታሉ አጥንታቸውን ይጠግናል። ዳሩ ግን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ደረጃውን ማን ያወጣቸዋል? ማን ያበስልላቸዋል? ብቸኝነታቸውንስ ማን ያስተውለዋል? በሁለቱ አገልግሎቶች መካከል ሰው እንዳይወድቅ ሁለቱንም የሚያውቅ ሠራተኛ ያስፈልጋል። የዚህ ትምህርት ዓላማም ይኸው ነው።

ለዚህ አመለካከት መልካም ምሳሌ የሚሆኑት ዶክተር ሲስሊ ሳንደርስ ናቸው (1918–2005 እ.ኤ.አ.)። በመጀመሪያ ነርስ፥ ቀጥሎም በሆስፒታል የሕሙማንን ማኅበራዊ ችግር የሚከታተሉ ሠራተኛ፥ በመጨረሻም ሐኪም ሆኑ። በምሥራቅ ለንደን በካቶሊክ ደናግል በሚመራው በቅዱስ ዮሴፍ የሕሙማን ማረፊያ አገልግለው፥ እ.ኤ.አ. በ1967 የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ከፈቱ። ለሞት የተቃረበ ሰው ሥቃይ የሥጋ ብቻ ሳይሆን የስሜት፥ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስም ጭምር መሆኑን አስተማሩ። ሦስቱ ሙያዎች በአንድ ሰው በመገናኘታቸው ሕመምተኛውን በሙሉነቱ ለማየት ቻሉ።

3. ስለ ሌላው መወሰን

በእኛ ዘንድ ልጆች ስለ ታመመ ወላጃቸው መወሰናቸው እንደ አክብሮት ይቆጠራል። የሕመሙን ስም ከአባት ደብቆ ሐኪሙን ለብቻ ማነጋገር የተለመደ ነው። ተማሪዎች የሚያጠኑት የእንግሊዝና የዌልስ የአእምሮ ብቃት ሕግ (2005 እ.ኤ.አ.) ግን ከሌላ መነሻ ይነሣል። አምስቱ መሠረታውያን ሐሳቦች እነዚህ ናቸው፦

ሀ) ብቃት እንደሌለው እስካልተረጋገጠ ድረስ ሰው ሁሉ የመወሰን ብቃት እንዳለው ይቆጠራል።
ለ) ራሱ እንዲወስን የሚቻለው እርዳታ ሁሉ ሳይደረግለት «አይችልም» አይባልም።
ሐ) ለሌሎች ጥበብ የጎደለው የሚመስል ውሳኔ ስለ ወሰነ ብቻ ብቃት የለውም አይባልም።
መ) ብቃት ለሌለው ሰው የሚወሰነው ሁሉ ለእርሱ ጥቅም መሆን አለበት።
ሠ) ነጻነቱን ባነሰ መጠን የሚገድበው መንገድ ይፈለጋል።

ለምሳሌ የመርሳት ሕመም የያዛቸውን በለንደን የሚኖሩ አንድ አባት እናስብ። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው ዘግይቶ የተማረውን ቋንቋ ረስቶ ወደ አፍ መፍቻው ሊመለስ ይችላል። እኒህ አባት ገላቸውን አልታጠብም ብለው በአማርኛ ይቈጣሉ፤ ሠራተኞቹም «ግራ ተጋብተዋል» ብለው ይጽፋሉ። ቋንቋቸውን የምታውቅ አንዲት ሠራተኛ ቀርባ፥ «አባባ፥ ምን ቅር አሰኝቶዎት ነው?» ብትል፥ በሴት ፊት ራቁታቸውን መቆም አሳፍሯቸው እንደ ሆነ ይነግሯት ይሆናል። እንግዲህ የጎደለው የእርሳቸው አእምሮ ሳይሆን የሚጠይቃቸው ሰው ነበር። ሆኖም ከባድ ውሳኔ ሲመጣ የሠለጠነ አስተርጓሚ መጠራት አለበት፤ ዘመድ በርኅራኄ ተገፋፍቶ የሚያስተረጉመውን ሊቀንስ ወይም ሊጨምር ይችላልና።

4. ከመመዝገብ አስቀድሞ

ይህ ዲግሪ ብቻውን ነርስ ወይም የተመዘገበ ማኅበራዊ ሠራተኛ አያደርግም፤ ሁለቱም የየራሳቸውን የጸደቀ ትምህርትና ምዝገባ ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር ምዝገባው የተጀመረው የረዳት ነርስነት ሙያም ተቆጣጣሪው ምክር ቤት ባጸደቀው ትምህርት ብቻ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ተማሪው ገንዘቡንና ጊዜውን ከማውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ትምህርቱ ወደ የትኛው ሙያ ያደርሳል? የመኖሪያ ፈቃዴ የትምህርት ብድር ያስገኝልኛልን? አሠሪዬስ የጥናት ጊዜ ይሰጠኛልን?

ማጠቃለያ

ይህ ትምህርት የሚሰጠው በሩቅ አገር ቢሆንም ፍሬ ነገሩ ለየቁምስናችን ይጠቅማል። ሕመምተኛ ስንጠይቅ ከማጉረሳችን በፊት ሐኪሙ ያዘዘውን እንጠይቅ፤ ቀና አድርገን እናስቀምጠው፤ ትንሽ በትንሽ እንስጠው፤ የጎረሰውን እስኪውጥ እንታገሥ፤ ካሳለው አቁመን ለጤና ባለሙያ እንንገር። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሕመምተኛው ራሱ የሚሻውን እንጠይቀው። በዚህ ዓይነት የተሰጠች ትንሽ ጉርሻ ፍቅርን አታጎድልም፤ ትጠብቀዋለች እንጂ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመልካም ፈቃድ ያደረግነው እርዳታ ሕመምተኛን የጎዳበት ጊዜ አለን? ምን ተማርንበት?
2. የሕመምን ስም ከታማሚው መደበቅ አክብሮት ነው ወይስ መብቱን መንሣት?
3. በቁምስናችን ሕሙማንን የሚጠይቁ ሰዎች ምን ዓይነት ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል?