ከነቀምት አናት በላይ

ወጣት፦ አባባ፣ መጻሕፍቱ አልታየር የሚባለውን ደማቅ ኮከብ በሐምሌና በነሐሴ ፈልጉት ይላሉ። እዚህ ነቀምት፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ በሐምሌ ከደመና ሌላ ምን ይታያል?

አዛውንት፦ እነዚያን መጻሕፍት የጻፉት ሐምሌ ሲገባ ሰማያቸው የሚጠራላቸው የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎች ናቸው፤ ለነሱ ልክ ነው። የወለጋ ክረምት ግን ሰማዩን ስለሚሸፍነው እኛ ወሩን ራሳችን መምረጥ አለብን፤ እኔ መስከረምን እመርጣለሁ። በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ አልታየር ከነቀምት አናት በላይ ይቆማል። ነቀምት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ናት፤ ኮከቡም ልክ ከምድር ወገብ በላይ ከሚያልፈው የሰማይ ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት በቀረው መስመር ይጓዛል። ልዩነታቸው የሙሉ ጨረቃን ስፋት ግማሽ አይሞላም። ለንደን ያለ ሰው ወደ ደቡብ ዞሮ ይፈልገው፤ እኛ ቀና ማለት ይበቃናል። ይህን ዕድል ብዙ ከተማ አያገኝም፣ ልጄ።

ወጣት፦ ቀና ሲሉ ብዙ ኮከብ አለ፤ ቬጋ ደግሞ ከሱ ይበልጥ ያበራል ይባላል። በምን እለየዋለሁ? አናቴስ የቱ ጋ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

አዛውንት፦ ሁለተኛው ጥያቄህ ይብሳል። ሰው ቆሞ ሲያንጋጥጥ አንገቱ እንደልብ ስለማይታጠፍ ዝቅ ያለውንም አናቱ ላይ ያለ ይመስለዋል። ግንበኛ ግድግዳ የሚያቀናበትን ቱምቢ ከቀጭን አግዳሚ እንጨት ላይ አንጠልጥልና ከሥሩ በጀርባህ ተኛ፤ ቱምቢው የጋረደው ቦታ አናትህ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ አልታየር ከቱምቢው ጀርባ ይገባል፤ ግራና ቀኙን ደከም ያሉ ሁለት ኮከቦች ያጅቡታል። ቬጋ ይበልጥ ማብራቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ነቀምት ላይ አናት አይደርስም፣ ወደ ሰሜን 30 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ያልፋል። ፕላኔቶችም በዚያ ሰዓት አናት አይጠጉም።

ወጣት፦ በመስከረምም እኮ እዚህ ይዘንባል። የመስቀል ማታ ቢደምንስ?

አዛውንት፦ ቀኑ አንድ ብቻ አይደለም። ኮከቡ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀደም እያለ አናት ስለሚደርስ፣ ጥቅምት 7 ገደማ ጨለማው ገና ሲይዝ፣ ለ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ አካባቢ፣ እዚያው ታገኘዋለህ። ያም ካመለጠህ በግንቦት መባቻ ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አለፍ ብሎ፣ አናት ላይ ይደርሳል። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ካለህ እሱም ያየዋል፤ እሷም 9 ዲግሪ ላይ ናት። ጎንደር ላይ ግን ወደ ደቡብ ዘንበል ይላል። አዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ስለሆነች ኮከቡ እዚያ 9 ደቂቃ ያህል ቀድሞ አናት ይደርሳል፤ ያ 9 ደቂቃ ምድር ዞራ ነቀምትን ከኮከቡ ሥር ለማድረስ የሚፈጅባት ጊዜ ነው። ደውልለትና ሰዓታችሁን አስተያዩ።