«መጨናነቅ» ስለሚባለው ቃል

ማታ ማታ በምግብ አዳራሹ በር የሚደርስብንን ግፊያ ሁላችንም «መጨናነቅ» እንለዋለን፤ ቃሉን ከሥሩ የመረመረው ግን ጥቂት ነው።

ሥሩ «ጨነቀ» ነው። ከዚሁ ጭንቅ፣ ጭንቀት፣ አስጨናቂ ይወጣሉ። ምጥ የያዛትንም ሴት «በጭንቅ ላይ ናት» እንላለንና ቃሉ የዋዛ አይደለም። ፈረንጆች «ኮንጀስሽን» የሚሉት ከላቲን የመጣ ሲሆን ፍቺው አንድ ላይ አምጥቶ መከመር ነው፤ ሐኪሞች በአካል ውስጥ ለሚጠራቀም ደም ሲሉት ኖረው ኋላ ወደ ጎዳናው ተሻገረ። እንግዲህ የእነርሱ ቃል ክምሩን ያያል፤ የእኛው ግን የተከመረውን ሰው ስሜት።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ሰዋስዉ ነው። «ጨነቀኝ» ስንል፣ እንደ «ራበኝ» እና «በረደኝ»፣ አድራጊው ማን እንደሆነ አይነገርም። «ተጨናነቅን» ሲባል ግን «ተ» ከፊት ትገባና መካከለኛው ፊደል ይደገማል፤ «ተመካከርን»፣ «ተረዳዳን» እንደ ማለት ነው። ድርጊቱ የእርስ በርስ ሆነ፤ አስጨናቂውም ተጨናቂውም እኛው ነን።

ስለዚህ ሁለቱም በሮች ተከፍተው ስንጋፋ «ተጨናነቅን» ማለታችን እውነት ነው፤ ጥፋቱ የጋራችን ነውና። ከሁለቱ አንዱ ተቆልፎ ባመሸበት ቀን ግን ይህን ቃል መናገር በደሉን በራሳችን ላይ መጫን ነው። ያን ጊዜ የሚስማማው «ተዘጋብን» የሚለው ነው፤ እርሱም «ማን ዘጋው?» የሚለውን ጥያቄ ያስከትላል።