የሱቅዎ ስም በማን እጅ ነው?

ጥያቄ፦ የሐበሻ ቀሚስ የምሸጥበት ድረ ገጽ አለኝ። ዶሜኑን ያስመዘገበልኝ ድረ ገጹን የሠራው ልጅ ነው። አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ ስለሚጀምር ሱቄ አስተማማኝ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ አይቻልም። ኤችቲቲፒኤስ የሚያረጋግጠው በደንበኛዎ ስልክና በድረ ገጽዎ መካከል የሚመላለሰው መረጃ መመስጠሩን ነው። አጭበርባሪም ቢሆን ለዚህ የሚያስፈልገውን ዲጂታል የምስክር ወረቀት ሌትስ ኢንክሪፕት ከሚባለው ሰጪ በነፃ ያገኛል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ዶሜኑ ነው። በልጁ ስምና ኢሜይል ከተመዘገበ፣ መዝጋቢው ድርጅት ባለቤት አድርጎ የሚያውቀው እሱን ነው። ነገ ቢጣሉ ወይም እሱ አገር ቢቀይር፣ ደንበኞችዎ የለመዱት ስም ከእጅዎ ይወጣል። ስለዚህ በዚያው ድርጅት የራስዎን አካውንት ይክፈቱና ዶሜኑን እንዲያዛውርልዎ ይጠይቁት፤ ቅን ሰው ከሆነ አይከፋውም። ከተዛወረልዎ በኋላ ዶሜኑ ያለፈቃድዎ ወደ ሌላ እንዳይዛወር የሚያግደውን የዝውውር ቁልፍ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንና ራስ-ሰር እድሳቱን ያብሩ። ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ ለአካውንቱ የሚጠቀሙበት ኢሜይል በዚሁ ዶሜን ላይ የተከፈተ መሆን የለበትም። ዶሜኑ ከተቋረጠ ኢሜይሉም አብሮ ስለሚቋረጥ፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያው መልእክት አይደርስዎትም።

ክፍያን በተመለከተ፣ የደንበኛ ካርድ ቁጥር በድረ ገጽዎ ላይ ከቶ አያስቀምጡ፤ ይህን ለክፍያ አገልግሎት ሰጪው ይተዉለት። ገዢ የቴሌብር ደረሰኝ ፎቶ ቢልክልዎም ፎቶ በቀላሉ ይቀነባበራልና፣ ገንዘቡ በራስዎ ሂሳብ መግባቱን ሳያዩ ቀሚሱን አይላኩ።