የእናቶቻችን አጥንትና የመድኃኒቱ ወረቀት

በዚህ እትም የምንማማርበት ርእስ የአጥንት መሳሳት መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳት እንዴት እንደሚመዘን ነው። ጉዳዩ የአረጋውያን ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከመድኃኒቱ ካርቶን የሚወጣውን እጥፍጥፍ የእንግሊዝኛ ወረቀት በቤታችን የሚያነበው ማን ነው? ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ ነው። እናት ወይም አያት «እስቲ ምን ይላል?» ብለው ሲሰጡን የምንመልሰው ቃል ክኒኑ እንዲዋጥ ወይም መሳቢያ ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል። በሰፈራችን፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር የሚኖሩ አንዲት እናት «መንጋጋ ያበሰብሳል» የሚል ወሬ ሰምተው የታዘዘላቸውን ክኒን ትተዋል። ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ሚዛን ግን የለውም። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚያ ሚዛን ነው።

ጸሐፊው የምህንድስና ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሐኪምን በደንብ ለመጠየቅ የሚያዘጋጅ እንጂ የሐኪምን ቦታ የሚተካ አይደለም። በጽሑፉ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሽታው ምንድን ነው?

በመድረሳ ሱረቱ መርየምን የቀራን ሁሉ ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) በዱዓቸው የአጥንታቸውን መድከም ማንሳታቸውን እናስታውሳለን። አጥንት በዕድሜ እንደሚደክም ሰው ከጥንት ያውቃል። የዘመኑ ሕክምና የጨመረው እንዴት እንደሚደክም ማስረዳቱን ነው።

አጥንት ድንጋይ አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን የሚፈርስና የሚገነባ ሕያው አካል ነው። አፍራሽ ሴሎች (ኦስቲዮክላስት) ያረጀውንና የተሰነጠቀውን ይቦረቡራሉ፤ ገንቢ ሴሎች (ኦስቲዮብላስት) ደግሞ በቦታው አዲስ አጥንት ይሞላሉ። በወጣትነት ሁለቱ ይመጣጠናሉ። ሴቶች ሲያርጡ ኤስትሮጅን ስለሚቀንስ አፍራሾቹ ገንቢዎቹን ይቀድማሉ። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶችን ለወራት መውሰድም አጥንትን ያሳሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ባወጣው መለኪያ መሠረት የአጥንት ጥግግት ከጤናማ ወጣት አማካይ በ2.5 መደበኛ ልይይት ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ በሽታው አለ ይባላል።

በሽታው እስኪሰብር ድረስ አያምም። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ከተማ ሲወርዱ የኖሩ እናቶችን ሁላችንም አይተናል። ሲያረጁ ጀርባቸው ከጎበጠ «ሸክሙ ነው» እንላለን። ነገር ግን በእርጅና የሚመጣ መጉበጥና የቁመት ማጠር ብዙ ጊዜ የሳሳ የአከርካሪ አጥንት በዝምታ ተጨፍልቆ የሚያመጣው ነው። የዳሌ ስብራት ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፤ በዓለም ላይ በተሠሩ ጥናቶች ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከ5ቱ አንዱ ያህል ወይም ከዚያ በላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞታሉ። ከተረፉትም ብዙዎቹ ያለ ሰው እርዳታ ውዱእ ማድረግ፣ ለሶላት መቆም ያቅታቸዋል። በሚዛኑ አንድ ወገን የሚቀመጠው ይህ ነው።

ጥቅጥቅ ያለ አጥንት ሁሉ ጠንካራ አይደለም

የኮንክሪትን ነገር የተማርን ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን፤ ጭነትን የሚችለው የሲሚንቶው ብዛት ብቻ ሳይሆን ከውስጡ ያለው ብረትም ነው። በአጥንት ውስጥ ማዕድኑ እንደ ኮንክሪቱ ግፊትን ይችላል፤ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ደግሞ እንደ ብረቱ መወጠርን ይችላል። ስለዚህ ማዕድን መጨመር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

ለዚህ ማስረጃው በአገራችን አለ። በስምጥ ሸለቆ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውኃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው ጥቅጥቅ ቢልም አካላቸው ደርቆ እስከ መሽመድመድ የደረሱ ነበሩ። በሌላ በኩል በአሜሪካ ፍሎራይድ ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት ይሆናል ተብሎ በ202 ሴቶች ላይ ለ4 ዓመት ተሞክሮ ነበር። ውጤቱ በ1990 ሲታተም የአከርካሪ ጥግግት በ35 በመቶ ጨምሯል፤ የአከርካሪ ስብራት ግን በሚታመን መጠን አልቀነሰም፤ ሌሎች ስብራቶችም በዙ። ከዚህ የምንማረው አንድ መድኃኒት ሲመዘን መጠየቅ ያለበት «ጥግግት ጨመረ ወይ?» ሳይሆን «ስብራት ቀነሰ ወይ?» መሆኑን ነው።

ጥቅሙ በቁጥር

በብዛት የሚታዘዘው ክኒን አሌንድሮኔት ነው። አፍራሽ ሴሎቹን ያቀዘቅዛል። በ1996 በታተመ ጥናት ቀድሞ አከርካሪያቸው የተሰበረ 2,027 ሴቶች ገሚሶቹ መድኃኒቱን፣ ገሚሶቹ ምንም የሌለበትን አስመሳይ ክኒን ለ3 ዓመት ያህል ወሰዱ። አስመሳዩን ከወሰዱት 100 ሴቶች 15ቱ አዲስ የአከርካሪ ስብራት በራጅ ሲታይባቸው መድኃኒቱን ከወሰዱት 8ቱ ብቻ ታየባቸው። የዳሌ ስብራት ከ100ው 2.2 የነበረው ወደ 1.1 ወረደ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። «የዳሌ ስብራትን በግማሽ ቀነሰ» ማለትም እውነት ነው፤ «ከ91 ሴቶች የአንዷን ዳሌ አዳነ» ማለትም እውነት ነው። የመጀመሪያው ተስፋን ያገዝፋል፤ ሁለተኛው ያሳንሳል። ጥቅምን በመጀመሪያው፣ ጉዳትን በሁለተኛው ወይም በተገላቢጦሽ የሚለካ ሰው ሚዛኑን አዛብቷል። ሁለቱም በአንድ መስፈሪያ ይሰፈሩ።

ጉዳቱ በቁጥር

በጣም የተለመደው ጉዳት ቀላሉ ነው፤ ክኒኑ የምግብ ቧንቧን ያቃጥላል፣ ቃር ያመጣል። ይህንን በአወሳሰድ መቀነስ ይቻላል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው የመንጋጋ አጥንት መሞት ነው። የሰፈሩ ወሬ መነሻ ይህ ነው። ከ2003 ጀምሮ የተዘገበ እውነተኛ ጉዳት ነው፤ ነገር ግን በብዛት የታየው በካንሰር ሕክምና እጅግ ከፍ ያለ መጠን በተሰጣቸው ሕሙማን ላይ ነው። ለአጥንት መሳሳት በሚሰጠው መጠን ግምቱ በዓመት ከ100,000 ሰዎች ከ1 እስከ 10 ነው። ጥርስ መነቀል ካለበት መድኃኒቱ ሳይጀመር ቢነቀል ይመረጣል።

ሦስተኛው ያልተለመደ የጭን አጥንት ስብራት ነው። መድኃኒቱ አፍራሾቹን ለረጅም ዓመታት ሲያቀዘቅዝ ጥቃቅን ስንጥቆች ሳይጠገኑ ይከማቻሉ ተብሎ ይታመናል። የተሰነጠቀ ግድግዳን ለመጠገን መጀመሪያ መቦርቦር እንደሚያስፈልግ ማለት ነው። በ2020 የታተመና ወደ 196,000 የሚጠጉ ሴቶችን የተከታተለ የካሊፎርኒያ ጥናት እንዲህ አሰላው፤ 10,000 ነጭ ሴቶች ለ3 ዓመት ቢወስዱ 149 የዳሌ ስብራት ይቀራል፣ 2 ያልተለመደ የጭን ስብራት ይመጣል። በእስያ ዝርያ ሴቶች ደግሞ 91 ይቀራል፣ 8 ይመጣል። ሚዛኑ ከዘር ዘር እንደሚለያይ ልብ በሉ። ትልልቆቹ ጥናቶች በአብዛኛው በነጭ ሴቶች ላይ ስለተሠሩ ቁጥሩን እንዳለ ለእናቶቻችን መገልበጥ አይገባም፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል። ስብራቱ ከመድረሱ በፊት ብዙ ጊዜ በጭን ወይም በብሽሽት ድብን ያለ ሕመም ይሰማል፤ ይህ ሕመም ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ይህ ጉዳት ከዓመታት ጋር ስለሚጨምር መድኃኒቱ ለዘላለም አይወሰድም። በ2006 በታተመ ጥናት 5 ዓመት ወስደው ያቆሙና እስከ 10 ዓመት የቀጠሉ ሴቶች ሲነጻጸሩ፣ ሕመም ያመጣ የአከርካሪ ስብራት ባቆሙት 5.3፣ በቀጠሉት 2.4 በመቶ ነበር፤ በሌሎቹ ስብራቶች ግን ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ከ5 ዓመት በኋላ አደጋቸው ዝቅተኛ የሆኑት በሐኪም ምክር ያርፋሉ፤ አደጋቸው ከፍተኛ የሆኑት ይቀጥላሉ።

ሚዛኑ ወደ ሌላ ወገን ያጋደለበት ጊዜም አለ። ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን በአንድ ላይ የተሰጡበት የ2002 የአሜሪካ ጥናት በ10,000 ሴቶች በዓመት 5 የዳሌ ስብራት ቀንሶ 8 የጡት ካንሰር፣ 8 ስትሮክ፣ 7 የልብ ሕመምና 8 የሳንባ ደም መርጋት ጨመረ። ለአጥንት ብቻ ተብሎ ለሁሉም መስጠቱ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። መፍራት በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ስሕተቱ ሳይሰፍሩ መፍራት ነው።

ምርጫው እንደ ሰውየው ነው

ዞሌድሮኔት በዓመት አንዴ በደም ሥር ይሰጣል። በ2007 በታተመው ጥናት በ3 ዓመት ውስጥ የአከርካሪ ስብራትን ከ10.9 ወደ 3.3 በመቶ አውርዷል። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ከ3 ሰዎች አንዱን ያህል ለጥቂት ቀናት እንደ ጉንፋን ያተኩሳል፣ ይቆረጥማል። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው አይወስደውም፤ አሌንድሮኔትም እንደዚያው ነው።

ዴኖሱማብ በየ6 ወሩ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ነው። ጥሩ ይሠራል፤ ነገር ግን ሲቋረጥ አፍራሾቹ በኃይል ይመለሱና ብዙ የአከርካሪ አጥንቶች በአንድ ጊዜ ሊሰበሩ ይችላሉ። አሌንድሮኔት በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ መቋረጡን ይታገሣል፤ ዴኖሱማብ አይታገሥም። መድኃኒት ዛሬ ተገኝቶ ነገ በሚጠፋበት፣ ዋጋውም በሚለዋወጥበት አገር ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ቀጣዩን መርፌ በጊዜው እንደምናገኝ ካላረጋገጥን ከመጀመራችን በፊት ለሐኪሙ እንንገረው።

ከሁሉም በፊት ደግሞ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ይታዩ፤ ሁለቱ ባነሱበት እነዚህ መርፌዎች የደምን ካልሲየም በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርዱ ይችላሉ። «የ13 ወር ፀጋ» በሚባልላት አገራችን ፀሐይ ስላለ ጉድለት የለም ማለት አይደለም። በ2015 በታተመ ጥናት በአዳማና ዙሪያዋ ከተመረመሩ ተማሪዎች 42 በመቶው የቫይታሚን ዲ እጥረት ነበረባቸው፤ በከተማ ያሉት ከገጠሮቹ ይብሱ ነበር።

ሶላት፣ ፆምና ክኒኑ

በሳምንት አንዴ የሚወሰደው አሌንድሮኔት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይዋጣል። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አለመብላት፣ አለመጠጣት፣ አለመተኛት ግድ ነው። ቡና፣ ሻይ፣ ወተትና የካልሲየም ክኒን ሥራውን ያበላሹታል። አምቦ ውኃም አይሆንም። ዘምዘምም በማዕድን የበለጸገ ስለሆነ ከግማሽ ሰዓቱ በኋላ ይጠጣ።

ክኒኑን ውጦ ወዲያው ሱጁድ መውረድ ቃሩን ሊቀሰቅስ ይችላል። ለእናቶቻችን የሚመቸው ሰዓት ከፈጅር ሶላት በኋላ ነው፤ ሰግደው፣ ክኒኑን ውጠው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው የጠዋት ዚክራቸውን ሲጨርሱ ግማሽ ሰዓቱ ይሞላል። በረመዷን በሳምንቱ አንድ ቀን ለሱሑር ቀደም ብሎ ተነሥቶ፣ ከእራት ብዙ ሰዓት ካለፈ በኋላ ውጦ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ መመገብ ይቻላል። ይህንን ከፋርማሲስቱ ጋር ተነጋገሩበት። መርፌን በተመለከተ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1997 ምግብነት የሌለው መርፌ ፆምን እንደማያፈርስ ወስኗል። ያም ሆኖ የዓመቱን ዞሌድሮኔት ከረመዷን ውጭ ማድረግ ይሻላል፤ በዚያ ቀን በደንብ ውኃ መጠጣት ያስፈልጋልና።

ወረቀቱን ስናነብ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዝዘዋል፤ መድኃኒት የሌለው እርጅና ብቻ መሆኑንም ነግረውናል። መጉበጥን ሁሉ «እርጅና ነው» ብለን መተው ግን ሊታከም የሚችለውን ከማይታከመው መቀላቀል ነው። የፊቅህ ሊቃውንትም ሁለት ጉዳቶች ሲጋጩ ቀላሉን መሸከም እንደሚገባ ያስተምራሉ። ቀላሉ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ መስፈር ያስፈልጋል። ስለዚህ ወረቀቱን ለእናታችን ከማንበባችን በፊት፦

1. ያለ መድኃኒት የመሰበር አደጋቸው ምን ያህል ነው? ቀድሞ ተሰብረው ያውቃሉ?
2. እያንዳንዱ ጉዳት ከስንት ሰው በስንቱ ይደርሳል? ወረቀቱ የሚጽፈው የደረሰውን ሁሉ እንጂ የሚደርሰውን ሁሉ አይደለም።
3. ኩላሊት፣ ቫይታሚን ዲና ጥርስ ታይተዋል?
4. ለስንት ዓመት ይወሰዳል? መቼስ እንደገና ይመዘናል?
5. ጉዳት ቢታይ ለማን ይነገራል? ከሐኪሙ ሌላ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ሪፖርት ይቀበላል።

መልሱ «አይወሰድ» ሊሆን ይችላል፤ «ይወሰድ» ሊሆንም ይችላል። በሁለቱም ቤቱን ከመውደቅ መጠበቅ አይቀርም፤ የሚያንሸራትት የውዱእ ቦታ ይስተካከል፣ ማታ ወደ መጸዳጃ የሚያወጣው መንገድ መብራት ይኑረው፣ እናቶቻችንም በየቀኑ በእግራቸው ይራመዱ። ይህ ሥራ የጎንዮሽ ጉዳት የለውም፤ ከእኛም የሚጠይቀው አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው።

ለሐለቃ ውይይት፦ በቤታችሁ ያለ ወሬ ያስቆመው መድኃኒት አለ? ወሬው ከስንት ሰው በስንቱ የደረሰ ጉዳት ነው?

አላህ ለወላጆቻችን ጤናና ጥንካሬ ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።