«ሎፐርሱም የለም»፦ ስለ ትናንሽ የኔዘርላንድ መንደሮችና ስለተዋሃዱት ማዘጋጃ ቤቶቻቸው

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ ዕውቀት ሳይሆን ስህተት ነው። ስለዚህ ከስህተቱ ብጀምር ይሻላል።

ባለፈው ሴሚስተር እያንዳንዳችን ስለ አንድ የውጭ አገር ጉዳይ የጀርባ ታሪክ ጽፈን በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ እንድንለጥፍ ታዘዝን። ለእኔ የደረሰኝ በሰሜን ኔዘርላንድ በኽሮኒንገን ክፍለ ሀገር በጋዝ ማውጣት ምክንያት ስለተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር። አነበብኩ፣ ጻፍኩ፣ ለጠፍኩ። እንደውም ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን መምህራችን በጽሑፌ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቃል ጽፈው አገኘሁ፦ «ሎፐርሱም የለም»።

የከነከነኝ ዓረፍተ ነገሬ «የሎፐርሱም ማዘጋጃ ቤት ዛሬም የነዋሪዎቹን አቤቱታ እየተቀበለ ይገኛል» የሚል ነበር። ቢሯቸው ሄጄ «መምህር፣ ካርታው ላይ እኮ አለ!» አልኳቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው «መንደሩ አለ፤ የሌለው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ልዩነቱን አጣርተህ ና» ብለው ሸኙኝ። ያጣራሁትን ነው እንግዲህ ዛሬ ይዤ የመጣሁት። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ማዘጋጃ ቤት ስንል ምን ማለታችን ነው?

የመጀመሪያው ችግር ከቋንቋችን ይጀምራል። እኛ «ማዘጋጃ ቤት» ስንል ትዝ የሚለን ከተማ ነው። ደችኛው «ኸሜንተ» የሚለው ቃል ግን ከተማውንም፣ መንደሩንም፣ በመካከል ያለውን የከብት መስክና ቦይ ሁሉ ይይዛል። በአገሪቱ ውስጥ ከማንኛውም ኸሜንተ ውጪ የሆነ መንደር የለም። እያንዳንዱ ኸሜንተ ሕዝብ በየአራት ዓመቱ የሚመርጠው ምክር ቤት አለው። ከንቲባው ግን በሕዝብ አይመረጥም፤ በንጉሡ ፊርማ ለስድስት ዓመት ይሾማል። ከከንቲባው ጋር የዕለት ተዕለት ሥራውን የሚመሩ «ወትሃውደር» የሚባሉ ሹማምንትም አሉ።

ይህ አደረጃጀት መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዮሃን ሩዶልፍ ቶርቤከ የተባለው የአገሪቱ መሪ ፖለቲከኛ በ1848 ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል ዋነኛው አርቃቂ ነበር። በ1851 ደግሞ የማዘጋጃ ቤቶችን ሕግ አወጣ። ከዚያ በፊት ከተማው፣ ገጠሩና የባላባቱ ርስት በየራሳቸው ወግ ይተዳደሩ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አምስተርዳምም ሆነች አንዲት የገጠር መንደር በአንድ ሕግ ሥር ገቡ። በወረቀት ላይ እኩል ሆኑ ማለት ነው።

እኩልነቱ ግን ለትንንሾቹ ከበዳቸው። ለምን? ሕጉ ለሁሉም እኩል ሥራ ሰጠ፤ እኩል ገንዘብና እኩል ሰው ግን ሊሰጥ አይችልም። ቁጥሩን እንመልከት። በ1851 ከ1,200 በላይ ማዘጋጃ ቤቶች ነበሩ። በ1900 1,121፣ በ1950 1,015፣ በ2000 537፣ በ2023 ደግሞ 342 ሆኑ። ልብ በሉ፤ በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት የቀነሰው ሁለት መቶ ያህል ብቻ ነው። ከ1950 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ግን ከስድስት መቶ በላይ ጠፉ።

ለምን ይጠፋሉ?

ያነበብኳቸውን ታሪኮች ሳገላብጥ ምክንያቶቹን በአራት ከፈልኳቸው። አከፋፈሉ የራሴ ስለሆነ የሚቃወም ካለ ለክርክር ዝግጁ ነኝ።

አንደኛው ውኃ ነው። ስኾክላንድ በቀድሞው ዞይደር ዜ ባሕር ውስጥ የነበረች ጠባብ ደሴት ናት። ባሕሩ በየክረምቱ ይሸረሽራታል፣ ሕዝቡም በድህነት ይኖር ነበር። በ1859 መንግሥት ነዋሪዎቹ ሁሉ ለቀው እንዲወጡ አዘዘ፤ ማዘጋጃ ቤቱም በዚያው ዓመት ፈረሰ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1942 በዙሪያዋ ያለው ባሕር ተመጥጦ ደርቆ፣ ደሴቲቱ በእርሻ መሬት መካከል ያለች ጉብታ ሆና ቀረች። በ1995 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት ከኔዘርላንድ የመጀመሪያዋ ነበረች። ማዘጋጃ ቤት መሆን ያልቻለችው ደሴት የዓለም ቅርስ መሆን ቻለች።

ሁለተኛው ዕዳና የትልቅ ከተማ ጉርብትና ነው። በጥር 1916 በዚያው በዞይደር ዜ ዳርቻ ታላቅ ጎርፍ ተነስቶ ግድቦችን ጣሰ። ከአምስተርዳም በስተ ሰሜን ያሉት ትናንሽ ማዘጋጃ ቤቶች ጉዳቱን ጠግነው ሊወጡት አልቻሉም። አምስተርዳም በበኩሏ የመስፋፊያ መሬት ትፈልግ ነበር። በ1921 ራንስዶርፕ፣ ኒውወንዳም፣ ባይክስሎት እና ሌሎችም ወደ አምስተርዳም ተጠቃለሉ። ዛሬ ራንስዶርፕ ብትሄዱ የምታዩት ሜዳ፣ ላምና አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ አሮጌ የቤተ ክርስቲያን ግንብ ነው፤ በሕግ ግን የቆማችሁት አምስተርዳም ውስጥ ነው!

ሦስተኛው የመንገድና የኑሮ መለወጥ ነው። ማርከን እስከ 1957 ድረስ ደሴት ነበረች፤ በዚያ ዓመት ከዋናው መሬት ጋር በግድብ መንገድ ተያያዘች። ራሷን የቻለች ማዘጋጃ ቤት ሆና ብትቆይም በ1991 ከጎረቤቶቿ ጋር ተዋህዳ ዋተርላንድ የሚባል ኸሜንተ ተመሠረተ። መንገዱ ሲመጣ ልጆች ለትምህርት፣ አባቶች ለሥራ ወጡ፤ ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ ደግሞ አስተዳደሩ ተከተላቸው።

አራተኛውና ለአሁኑ ዘመን ዋነኛው የሥራ ብዛት ነው። በጥር 2015 የአገሪቱ መንግሥት የወጣቶችን እንክብካቤ፣ የአረጋውያንንና የአካል ጉዳተኞችን ድጋፍ፣ ሥራ የማግኘት ችግር ያለባቸውን ሰዎች ጉዳይ ለማዘጋጃ ቤቶች አስተላለፈ። እስቲ አስቡት፤ ጥቂት ሺህ ሰው ያለው ኸሜንተ የሕግ ባለሙያ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያና የሒሳብ ባለሙያ ከየት ያመጣል? ቢያመጣስ በምን ይከፍላል? አንዳንዶች ከጎረቤት ጋር ተባብረው ለመሥራት ሞከሩ፤ ብዙዎች ግን መጨረሻው ውህደት ሆነ። በ1612 ከሐይቅ ደርቃ የተገኘችውና በ1999 የዓለም ቅርስ የሆነችው ቤምስተር እንኳ በ2022 ከፑርመረንድ ጋር ተዋሃደች።

አንድ መንደር፣ ሦስት ማዘጋጃ ቤት

አሁን ወደ ስህተቴ ልመለስ። ሃይዚንኸ በኽሮኒንገን ክፍለ ሀገር ያለች፣ ከጎርፍ ለመዳን በሰው እጅ በተከመረ ጉብታ ላይ የተሠራች በጣም ትንሽ መንደር ናት። በመካከሏ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ። ነሐሴ 16 ቀን 2012 በሬክተር መለኪያ 3.6 የሆነ መንቀጥቀጥ የደረሰው በዚህችው መንደር ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን መነሻው ከመሬት ወለል ብዙም ያልራቀ ስለነበርና አፈሩም ለስላሳ ስለሆነ የብዙ ቤቶች ግድግዳ ተሰነጠቀ።

አሁን በ1985 ሃይዚንኸ ውስጥ የተወለደ ሰው አለ እንበል። ሲወለድ የሚድልስቱም ማዘጋጃ ቤት ነዋሪ ነበር። በ1990 ሚድልስቱም፣ ስቴዱም፣ ትዛንት እና ሎፐርሱም ሲዋሃዱ የሎፐርሱም ነዋሪ ሆነ። መንቀጥቀጡ ሲደርስ አቤት የሚለው እዚያ ነበር። በጥር 2021 ደግሞ ሎፐርሱም፣ አፒንኸዳምና ደልፍዛይል ተዋህደው ኤምስዴልታ ሲባሉ ሦስተኛውን ስም ያዘ። ሰውየው ከቤቱ አልተነቃነቀም፤ የተነቃነቁት ቤቱና ማዘጋጃ ቤቱ ናቸው።

በነገራችን ላይ ጋዙ በ1959 የተገኘበት ስሎኽተረንም በ2018 ሚደን ኽሮኒንገን በሚባል አዲስ ኸሜንተ ውስጥ ገብቷል። ጋዝ ማውጣቱ በጥቅምት 2023 ቆመ፤ ለዘለቄታው የሚዘጋው ሕግ በ2024 ጸና። የፓርላማው አጣሪ ኮሚቴ በየካቲት 2023 ባወጣው ሪፖርት የክፍለ ሀገሩ ሕዝብ ጥቅም ለረጅም ዓመታት ቸል መባሉን በግልጽ አስቀምጧል። እንግዲህ የተሰነጠቀ ቤት ላለው ሰው «አቤት የምለው ለማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የጂኦግራፊ ጥያቄ አይደለም። እኔ ደግሞ በጽሑፌ ይህን ሰው የፈረሰ ቢሮ በር ላይ ነው ያቆምኩት።

ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ?

ውህደቱን የሚደግፉ ሰዎች የሚሉት መናቅ የለበትም። ትልቅ ማዘጋጃ ቤት ባለሙያ ይቀጥራል፣ ከመንግሥትና ከትላልቅ ኩባንያዎች ጋር ሲደራደር ድምፁ ይሰማል። ለኽሮኒንገን መንደሮች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል ግን ሒሳቡን እንሥራ። በሕጉ መሠረት እስከ 3,000 ሕዝብ ያለው ኸሜንተ 9 የምክር ቤት አባላት አሉት፤ ከ6,000 በላይ እስከ 10,000 ያለው ደግሞ 13። እያንዳንዳቸው 2,500 ሕዝብ ያላቸው አራት ማዘጋጃ ቤቶች ቢኖሩ በድምሩ 36 ተመራጮች ይኖሯቸዋል። ቢዋሃዱ 10,000 ሕዝብ በ13 ተመራጮች ይወከላል። ቀድሞ አንድ ተመራጭ ለ278 ሰው ያህል ነበር፤ አሁን ለ769 ሰው ሆነ ማለት ነው። በመንደር ደረጃ ይህ ማለት ተመራጩን ዳቦ ቤት ውስጥ ያገኝ የነበረ ሰው አሁን ቀጠሮ ይዞ ይሄዳል።

መንደሮቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በሰሜኑ ክፍል በተለይ በፍሪስላንድ ብዙ መንደሮች «ዶርፕስበላንግ»፣ ማለትም የመንደር ጥቅም ማኅበር አላቸው። በመንደሩ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ስለ መብራት፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ትምህርት ቤት ለማዘጋጃ ቤቱ ያመለክታሉ። በ2011 አምስት ማዘጋጃ ቤቶች ተዋህደው የተመሠረተው ሲድዌስት ፍሪስላን ከሰማንያ በላይ መንደሮችንና ስድስት ጥንታዊ ከተሞችን ይዟል። እንዲህ ባለ ቦታ ማኅበሩ ከሌለ የአንድ መንደር ድምፅ የት ይሰማል?

ሕዝቡን ጠይቆ የሚደረግ ውህደትም አለ። የዌስፕ ነዋሪዎች በ2018 ድምፅ ሲሰጡ ከሌላው ጎረቤት ይልቅ አምስተርዳምን መረጡ፤ በመጋቢት 2022ም ተቀላቀሉ። ነዋሪው ራሱ የመረጠውን ስም መቀበል አይከብደውም፤ ከላይ የመጣው ስም ግን ብዙ ዓመት ይጎረብጣል።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ምን ይጠቅመናል?

ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ለራሴ ሦስት ነገር በደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

1. የመንደር ስምና የአስተዳደር ስም ሁለት ነገር ናቸው። ሎፐርሱም መንደሩ አለ፤ ሎፐርሱም ማዘጋጃ ቤቱ ከ2021 ወዲህ የለም። ሁለቱን ሳንለይ «ሎፐርሱም እንዳስታወቀው» ብሎ መጻፍ አደገኛ ነው።

2. ቦታን ስንጠራ ዓመቱን እንጠይቅ። ስለ 2012ቱ መንቀጥቀጥ ስጽፍ «የሎፐርሱም ማዘጋጃ ቤት» ማለቴ ትክክል ነበር፤ የተሳሳትኩት «ዛሬም» ባልኩት ላይ ነው። የሕዝብ ቁጥር ስናወዳድርም ያው ነው፤ ስሙ ሳይለወጥ ወሰኑ የሰፋ ማዘጋጃ ቤት ሕዝቡ በአንድ ሌሊት «ያደገ» ይመስላል።

3. ምክር ቤት ሲቀነስ የዜና ምንጭም ይቀነሳል። አራት ምክር ቤት ማለት ለዘጋቢ ክፍት የሆኑ አራት ስብሰባዎች ማለት ነው። አንድ ሲሆኑ ከሩቅ መንደር የሚነሳው ጉዳይ የመጨረሻው አጀንዳ ይሆናል፤ ዘጋቢውም በዚያ ሰዓት አውቶቡስ እንዳያመልጠው ወጥቷል። ስለዚህ ወደ መንደሩ አዳራሽ መሄድ የእኛ ሥራ ነው።

በመጨረሻ፣ እርማቴን በግድግዳ ጋዜጣው ላይ ለጥፌአለሁ፦ «ባለፈው ዕትም የሎፐርሱም ማዘጋጃ ቤት ዛሬም እንዳለ ተደርጎ የቀረበው ስህተት ነው፤ ከጥር 2021 ወዲህ ሥራው ወደ ኤምስዴልታ ተዛውሯል። ጸሐፊው ይቅርታ ይጠይቃል።» መምህራችን አንብበው ሲያበቁ በዚያው ቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃል ብቻ ጨመሩ፦ «አለ»። መንደሩን ይሁን እኔን ማለታቸው ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።

ቸር እንሰንብት።