ስኳር ለበረታበት ሰው የማኅበራዊ ሠራተኛ ድጋፍ፦ ደረጃ በደረጃ

በአምደወርቅና በደሃና ገጠር ቀበሌዎች ስኳር ያለበት ሰው ሐኪም የሚያየው በቀጠሮው ቀን ብቻ ነው። ችግሩ የሚብሰው ግን በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ነው፤ መድኃኒት ያልቃል፣ የመኪና ገንዘብ ይጠፋል፣ የማያም ቁስል ችላ ይባላል። የማኅበራዊ ሠራተኛ ዋና ሥራም እዚህ ላይ ነው።

1. ቤቱ ሄደው ያዳምጡ።
«ለምን አቋረጡ?» ብለው አይጀምሩ፤ ወቀሳ ይመስላል። «አባቴ፣ መድኃኒቱ ሲያልቅብዎ ምን ያደርጋሉ?» ቢሉ እውነቱ ይወጣል። በኽምጣና ማውራት የሚቀለው ከሆነ ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ ይዘው ይሂዱ። ልጁን አስተርጓሚ አያድርጉ፤ ስንፈተ ወሲብን የመሰለ ጉዳይ በልጅ ፊት አይነሳም።

2. እግሩን ይዩ።
ስኳር ነርቭ ሲጎዳ እሾህ ቢወጋ፣ እሳት ቢለበልብ አይሰማም። ጫማ አስወልቀው ተረከዙን፣ ውስጥ እግሩንና የጣቶቹን መሀል በብርሃን ይመልከቱ። ኮንጎ ጫማ የሚያደርግ ከሆነ በካልሲ ያድርገው፤ ከማድረጉ በፊትም ውስጡን በእጁ ዳስሶ ጠጠር ያራግፍ። እግሩን እሳት ዳር አያሙቅ። የሚታጠብበትን ውኃ ሙቀት ስሜቱ ያልተጎዳ የቤተሰብ አባል በክንዱ ይለካለት። ቁስል፣ መጥቆር፣ እብጠት ወይም ሽታ ካዩ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ጠበል እሄዳለሁ ካለ አይከራከሩት፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ ቁስሉንም አሳይቶ እንዲሄድ ይስማሙ።

3. የኢንሱሊን መርፌ የሚወስድ ከሆነ የት እንደሚያስቀምጠው ይጠይቁ።
ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቀመጥ አለበት። ማቀዝቀዣ ከሌለ ብልቃጡን ውኃ በማያስገባ ዕቃ ከተው፣ ውጭው በውኃ በራሰ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ ማስቀመጥ ይረዳል። ምድጃ አጠገብና ፀሐይ ላይ ግን አይቀመጥ።

4. ስለ ጾም አስቀድመው ይነጋገሩ።
መርፌ ወይም ክኒን ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ያገናኙት። ቤተሰቡን ምልክቱን ያስተምሩ፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር። ያን ጊዜ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጡት፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ይድገሙት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

5. ወጪውን ያቃልሉ።
የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያው መታደሱን ይዩ። መክፈል የማይችል ከሆነ ከክፍያ ነጻ እንዲመዘገብ ለቀበሌው ያመልክቱ። በሴፍቲኔት የታቀፈ ሰው እግሩ ቆስሎ ድንጋይ ሲሸከም ካገኙት የሕክምና ማስረጃውን ይዘው ከሕዝብ ሥራ ወደ ቀጥታ ድጋፍ እንዲዛወር ይጠይቁ።

6. ሪፈሩን ከዳር ያድርሱ።
ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ከተላከ የሪፈር ወረቀቱን፣ የመድን መታወቂያውን፣ የመኪና ገንዘቡንና አብሮት የሚያድረውን ሰው ከመነሳቱ በፊት ያረጋግጡ። ሲመለስ ቀጣዩን ቀጠሮ በመዝገብዎ ያስፍሩ። ዓይኑና ኩላሊቱ ባያመውም በየዓመቱ እንዲታይ ያስታውሱት።

7. እግር ከተቆረጠ ወይም ዓይን ከጠፋ በኋላ አይራቁ።
ማን እንደሚያርስለት፣ መጸዳጃ እንዴት እንደሚደርስ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ ይጠይቁ። ዕድርተኞችንና ጎረቤቶችን ያስተባብሩ። «መሞቴ ይሻላል» ካለ ቀላል ንግግር ነው ብለው አይለፉት፤ ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ከጤና ባለሙያ ጋር ያገናኙት። የቀረውን እግርም እንደ በፊቱ ይፈትሹ።

ጊዜ አጥሮዎት ከእነዚህ አንዱን ብቻ የሚሠሩ ከሆነ እግሩን ይዩ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትንሽ ቁስልን በጊዜ ማየት ብዙ እግር ከመቆረጥ አድኗል።